የሸክላ ማጫወቻ አሠራር ድምፅን እንዴት ይለውጣል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ፣ ኮምቦልቻና ባቲ ውስጥ የቤተሰብ ሸክላ ከሳጥን እያወጡ መስማት የጀመሩ ሰዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ይጀምራል። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ሸክላው ያው ሸክላ ነው። ማጫወቻው እንዴት ድምፅ ይለውጣል?

መርፌ መምረጥ አትችልም። የሸክላው መስመር ቢያንቀጠቅጣት፣ ሞተሩ ቢያንቀጠቅጣት፣ በደጅ ያለፈ ሲኖትራክ ቢያንቀጠቅጣት ሁሉንም ድምፅ አድርጋ ወደ አምፕሊፋየሩ ትልካለች። መስመሩ ላይ የተቀረጸው ረቂቅ ድምፅ ደግሞ ከፀጉር ውፍረት በብዙ እጥፍ ያነሰ እንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ ማጫወቻ የሚሠራ ሰው ሁለት ራስ ምታት አለበት። ሸክላውን ሳያወላውል ማዞር አለበት፤ ከሸክላው ውጪ ያለውን ንዝረት ደግሞ ከመርፌዋ ማራቅ አለበት።

የዲዛይን ክርክሩ ሁሉ ከዚህ ነው የሚነሳው። አንዱ ንዝረቱን በሞላ (በስፕሪንግ) ይከላከላል። ሌላው በክብደት አፍኖ ያስቀረዋል። ሦስተኛው ቀላልና ደረቅ አካል ሠርቶ ንዝረቱ ሳይጠራቀም ቶሎ እንዲወጣ ያደርጋል። ሦስቱም ያስኬዳሉ፤ ግን እያንዳንዱ የሆነ ቦታ ላይ ያስከፍላል። እዚህ አገር ሲመጣ ደግሞ ሂሳቡ ትንሽ ይለያል፤ ወለላችን፣ መብራታችንና የመለዋወጫ ነገር አለና።

ለ33 እና ለ45 የተለያየ ማጫወቻ ያስፈልጋል?

አያስፈልግም፤ አብዛኛው ማጫወቻ ሁለቱንም ያዞራል። ባለ 12 ኢንቹ ትልቅ ሸክላ በደቂቃ 33 ከሲሶ ዙር ነው የሚዞረው፤ ኮሎምቢያ የተባለው የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚ በ1948 እ.ኤ.አ. ያመጣው ነው። ባለ 7 ኢንቹን ትንሽ፣ 45 ዙሩን፣ አርሲኤ ቪክተር በዓመቱ አወጣው። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ ከዚያም ካይፋ የተባለው አሳታሚ ሲከተል፣ ገበያውን የሞላው ይኸው ትንሹ ነበር። ቤትዎ ያለው ክምር በአብዛኛው 45 ቢሆን አይግረምዎ።

የግራሞፎን ዘመኑ ባለ 78 ግን ሌላ ነገር ነው። መስመሩ ሰፊ ነው፤ የራሱን ወፍራም መርፌ ይፈልጋል። በተራው መርፌ አይሞክሩት።

በቺንጋ፣ በጎማና በቀጥታ የሚዞሩት ምን ይለያያሉ?

በቺንጋ የሚዞረው ላይ ሞተሩ ሸክላው ከሚቀመጥበት ሳህን ራቅ ብሎ ይቀመጥና በስስ ላስቲክ ያዞረዋል። ላስቲኩ የሞተሩን ንዝረት መንገድ ላይ ያስቀረዋል። ከዘፈን በፊት ያለችው ፀጥታ እውነተኛ ፀጥታ የምትሆነው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ክፋቱ ላስቲክ ያረጃል፣ ይለጠጣል፣ ይደርቃል። እኛ ጋ ደግሞ ቺንጋው ሲጠፋ ከብስክሌት ካላማዳሪ ቆርጦ የሚያስገባ አለ። መዞሩን ይዞራል። ግን በመቀስ የተቆረጠ ጎማ ውፍረቱ እኩል አይደለም፤ ወፍራሙ ቦታ የሞተሩን ዘንግ በነካ ቁጥር ዘፈኑ ይንገዳገዳል።

በጎማ የሚዞሩት የድሮዎቹ ናቸው። የእንግሊዙ ጋራርድ 301 (1954 እ.ኤ.አ.) እና የስዊሶቹ ሌንኮዎች ስማቸው የተጠራ ነው፤ ብዙ ርካሽ የሻንጣ ማጫወቻም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ትንሽ የጎማ መንኮራኩር በሞተሩ ዘንግና በሳህኑ ጠርዝ መካከል ትገባለች። ጉልበት አላቸው፤ ከበሮና ባስ ላይ ልበ ሙሉ ናቸው። ነገር ግን ሞተሩ ሲያጉረመርም ጎማዋ ለሳህኑ ታቀብላለች። ከወላጅ ቤት የወጣ ማጫወቻ ካለዎት ሳህኑን ያንሱና ጎማዋን በጣት ጥፍር ቀስ ብለው ዙሪያዋን ይዳስሱ። ለዓመታት ዘንጉን ተደግፋ ከቆመች አንድ ቦታ ላይ ጎድጎድ ብላ ያገኟታል። «ዱክ ዱክ ዱክ» የሚለው ድምፅ ከዚያች ጉድጓድ ነው። ላይዋ ብቻ ከደረቀ በአልኮል መጥረግ ይረዳል፤ ከጎደጎደች ግን መለወጥ እንጂ ሌላ መላ የለም።

በቀጥታ የሚዞረው ላይ መሀል ያለው ዘንግ ራሱ ሞተሩ ነው። የጃፓኑ ቴክኒክስ ኤስፒ-10ን በ1970፣ ኤስኤል-1200ን በ1972 አውጥቶ መንገዱን ከፈተ። በ1979 የመጣው የኤስኤል-1200 ማርክ 2 ፍጥነቱን እንደ እጅ ሰዓት በኳርትዝ ክሪስታል ይቆጣጠራል፤ ፋብሪካው የሰጠው የመዋዠቅ ልክ 0.025 በመቶ ነው። ተቺዎቹ «ሞተሩ ሸክላው ሥር ነው፣ መቆጣጠሪያውም ያለማቋረጥ እያረመ ድምፁን ያደርቀዋል» ይላሉ። ርካሾቹ ላይ እውነት አላቸው። በደንብ የተሠራው ላይ ግን ክርክሩ ከጆሮ ይልቅ የወገን ነው። ቺንጋ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ለሚላክበት ሰው እኔ ያለ ማመንታት ባለ ኳርትዙን እመክራለሁ።

ከአሜሪካ የተላከልኝ ማጫወቻ ዘፈኑን ያዘገያል። ትራንስፎርመር ገዝቻለሁ፤ አልተስተካከለም። ለምን?

ትራንስፎርመር የሚቀይረው ቮልቱን ብቻ ስለሆነ ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት 60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ጊዜ የሚመላለስ) ነው፤ የእኛ 220 ቮልት 50 ኸርዝ። ብዙ የቆዩ የቺንጋና የጎማ ማጫወቻዎች ሞተራቸው ፍጥነቱን የሚወስደው ከኸርዙ ነው። 60 ሲጠብቅ 50 ሲመጣለት ባለ 33ቱ በደቂቃ ወደ 28 ዙር ይወርዳል። ዘፈኑ ይጎተታል፤ ድምፁም ከፒያኖ ላይ ሦስት ቁልፍ ያህል ዝቅ ይላል። ሴት ዘፋኝ ወንድ መስላ ትመጣለች።

አንዳንድ ሞዴሎች ለ50 ኸርዝ የተለየ የሞተር ፑሊ አላቸው፤ እሱን አግኝቶ መለወጥ ነው። በዲሲ (አቅጣጫው በማይመላለስ ኤሌክትሪክ) ሞተር ወይም በኳርትዝ የሚሠሩት ግን ኸርዙ አይነካቸውም፤ ለእነሱ ቮልቱን ማስተካከል ይበቃል። ስለዚህ ዘመድ «ምን ልላክልህ?» ሲል ከሥር የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ እንዲልክ አስቀድመው ይጠይቁ።

መብራት ሲሄድ በጄኔሬተር ለሚሰማም ነገሩ ይኸው ነው። ትንሽ ጄኔሬተር ጭነት ሲጨምርበት ኸርዙ ይወርዳል። ጎረቤት ምጣድ ሲሰካ ዘፈኑ ቢዘገይ የሸክላው ጥፋት አይደለም።

ፍጥነቱ ትክክል መሆኑን ያለ መሣሪያ እንዴት አውቃለሁ?

ሳህኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ወረቀት ይለጥፉና በስልክዎ ሰዓት ይቁጠሩ። በ45 ላይ በአንድ ደቂቃ 45 ጊዜ ማለፍ አለበት። በ33 ላይ ሦስት ደቂቃ ይጠብቁ፤ 100 ዙር መሙላት አለበት። ሲቆጥሩ ሸክላ ተጭኖ፣ መርፌም ወርዶ ይሁን፤ ባዶውን የሚዞርና እየሠራ የሚዞር አንድ አይደሉም።

ጠርዙ ላይ ነጠብጣብ ያለበት ማጫወቻ ከሆነ በመብራት ስር የቆሙ ከመሰሉ ደህና ነው። ለ50 ኸርዝ የተሠራው ረድፍ ለ33 ሲሆን 180 ምልክት አለው። የአሜሪካው 216 ስለሆነ በእኛ መብራት አያገለግልም።

ሰው ሲራመድ መርፌዋ ትዘላለች። ማጫወቻው ተበላሽቷል?

ብዙውን ጊዜ ወለሉ ነው። የቆዩ የደሴ ቤቶች ጣውላ ወለል ሲረግጡት ይወዛወዛል። የሚገርመው፣ በእንዲህ ያለ ወለል ላይ በብዛት የሚቸገሩት ከንዝረት ለመጠበቅ ተብለው የተሠሩት ባለ ሞላ ማጫወቻዎች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. ኤድጋር ቪልቹር የተባለ አሜሪካዊ አኩስቲክ ሪሰርች ለተባለው ድርጅቱ ሳህኑንና መርፌዋን የተሸከመውን ክንድ አንድ ላይ አስሮ በሦስት ሞላ ላይ አንጠለጠላቸው። የስኮትላንዱ ሊን ሶንዴክም ከአሥር ዓመት በኋላ በዚሁ መንገድ ሄዶ ስም አወጣ። ሞላው ከስፒከር የሚመጣውንና ከሞተር የሚነሳውን ፈጣን ንዝረት በደንብ ያስቀራል። የሰው እርምጃ ግን ዝግተኛ ነው፤ በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ። ሞላው ራሱም ቢነኩት የሚወዛወዘው በዚያው ፍጥነት ነው። ስለዚህ እርምጃውን በማስቀረት ፈንታ አብሮት ይጨፍራል። ቡና የምታቀርበው ልጅ ከጓዳ ብቅ ስትል መርፌዋ ዘልላ ሌላ ዘፈን ላይ ታርፋለች።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ከወለሉ አንስተው ግድግዳ ላይ በተመታ መደርደሪያ ያስቀምጡት። ግድግዳው ድንጋይ ወይም ብሎኬት ከሆነ እሰየው። ጭቃ ከሆነ መደርደሪያውን ከቋሚ እንጨቱ ጋር ያስሩት። የሲሚንቶ ወለል ላይ ከሆኑ ግን ባለ ሞላው ምርጥ ነው፤ ባለበት ይተዉት። የትም ይሁን የት በውሃ ልክ ይለኩት፤ ያዘመመ ሳህን ክንዱን ወደ አንድ ወገን ይስበዋል።

ከባድ ማጫወቻ ነው ጥሩው ይባላል። እውነት ነው?

ከባድ ሳህን አንዴ ከተነሳ ፍጥነቱ በትንሽ ነገር አይናወጥም። ከባድ አካልም ንዝረት በቀላሉ አያንቀሳቅሰውም። ባሱ ረጋ ያለ፣ ጥቁር ፀጥታ ያለው ድምፅ የሚወዱ ወደዚህ ያዘነብላሉ። ግን ክብደት ንዝረትን ማገድ ብቻ ሳይሆን ያቆየዋልም። ገብቶ ከተቀመጠ ቶሎ አይወጣም። ኩሽኔታውም ያን ሁሉ ክብደት ይሸከማል፤ ዘይት ከሌለው ማጉረምረም ይጀምራል።

የእንግሊዙ ሬጋ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተቃራኒውን ያዘ። ፕላናር 3 የመስታወት ሳህን ስስ እንጨት ላይ አስቀምጦ «ቀላልና ደረቅ ይሁን» አለ። ድምፁ ፈጠን ያለ፣ ክራር ሲመታ እያንዳንዱ ጅማት የሚለይበት ነው። በምላሹ የቆመበትን ጠረጴዛ ጠባይ ያሳብቃል። መጥፎ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ቀላል ማጫወቻ መጥፎ ማጫወቻ ነው። በኪሎ የሚመዝን ሻጭ ካጋጠመዎት ዝም ብለው ይለፉት።

ድምፅ ከፍ ሳደርግ «ዉዉዉ» ብሎ ይጮኻል።

ስፒከሩ ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጣል፣ ጠረጴዛው መርፌዋን፣ መርፌዋ መልሳ ለስፒከሩ። ክብ ሆኖ ያድጋል። ስፒከርና ማጫወቻን አንድ ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጡ። ከጥግም ያርቁት፤ ባስ ጥግ ላይ ይጠራቀማል።

የሻንጣ ማጫወቻ ሸክላ ይፈጃል?

ከሌላው ይበልጥ ይጎዳል፣ አዎ። ብዙዎቹ ካርትሪጃቸው (መርፌዋን ይዞ ንዝረቷን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) የሴራሚክ ነው፤ መርፌዋ ሸክላው ላይ በ4 እና 5 ግራም፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትጫናለች። ደህና ማግኔት ካርትሪጅ ከ1.5 እስከ 2 ግራም ይበቃዋል። በዚያ ላይ ስፒከሩ እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው፤ ከላይ የተባለው ክብ በትንሹ ሁሌም አለ። ደግሞ ደጋግሞ የማይገኝ የአያት ሸክላ እሱ ላይ መጫን ልብ ይጠይቃል።

ግራሙን ለማወቅ ወርቅ ሠሪዎች ዓይነት ትንሿ ዲጂታል ሚዛን ትበቃለች። የካርትሪጁ አምራች ካዘዘው በታች ማድረግም ጥሩ አይደለም፤ ቀልላ የምትዘል መርፌ የመስመሩን ግድግዳ እየመታች ትልጠዋለች።

ያለኝ ገንዘብ ትንሽ ነው። ማጫወቻ ልቀይር ወይስ መርፌ?

መርፌ። የአልማዝ መርፌ ዕድሜዋ ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 1000 ሰዓት ነው፤ የእርስዎ ማን እንደተጠቀመባት አይታወቅም። ከዚያ ፍጥነቱን፣ ከዚያ የሚቀመጥበትን ቦታ ያስተካክሉ። የቺንጋና የኳርትዝ ክርክር ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው የሚመጣው። ይህን ተራ ገልብጦ ውድ ማጫወቻ የገዛ ሰው ያለቀች መርፌ በደንብ ሲያዞር ይከርማል።

ድምፁ የሚዋዥቀው ከማጫወቻው ነው ወይስ ማሲንቆው ራሱ ነው?

ወሎ ላይ ይህ ጥያቄ ይከብዳል። ማሲንቆ ተጫዋቹ ሆን ብሎ ድምፁን ያንሸራትታል፤ ዘፋኟም እንጉርጉሮዋን ታወዛውዛለች። በዚህ መሀል የማጫወቻ መንገዳገድ ተደብቆ ያልፋል። ለመፈተን ኦርጋን ወይም ፒያኖ ያለበት የባንድ ሸክላ ይምረጡ። እነዚያ ድምፅ ማንሸራተት አይችሉም፤ ከተወዛወዙ ጥፋተኛው ታወቀ።

ቀጥሎ ውዝዋዜውን በሰዓት ይያዙት። 45 ላይ በየ1.3 ሰከንዱ፣ 33 ላይ በየ1.8 ሰከንዱ ከመጣ የሸክላው አንድ ዙር ነው፤ ሸክላው ተጣሟል ወይም መሀሉን ስቷል። ሰፊ ቀዳዳ ያለው 45 ላይ የመሀል ማስገቢያው ከላላ ይህ ይመጣል። አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ መሀሉን ቢስት ወደ መጨረሻው አካባቢ ድምፁ 1.7 በመቶ ያህል ይወጣል ይወርዳል፤ ጆሮ በደንብ ይይዘዋል። ይህን የትኛውም የዲዛይን ፍልስፍና አያድነውም። ናካሚቺ በ1980ዎቹ ሸክላውን ራሱ መሀል የሚያስገባ ማጫወቻ ሠርቶ ነበር፤ ዋጋው ግን የሚነገር አልነበረም። እኛ ማስገቢያው ላይ ስስ ፕላስተር እንጠቀልላለን። ውዝዋዜው ከዙሩ የፈጠነ ከሆነ ጎማዋን ወይም ሞተሩን፣ መላ ቅጡ የጠፋ ከሆነ ቺንጋውንና ኩሽኔታውን ይጠርጥሩ።

ቅኝት ይበላሻል ወይ የሚሉም አሉ። ፍጥነቱ እኩል ቢዘገይ ባቲው ባቲ፣ አምባሰሉም አምባሰል ሆኖ ይቀራል፤ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት አይለወጥም፣ ሁሉም አብሮ ይወርዳል። ክራርዎን ይዘው አብረው ልጫወት ሲሉ ብቻ ነው የሚያጣላዎት። የሚዋዥቅ ማጫወቻ ግን ያን ርቀት ራሱን ይነካል። አምባሰልና አንቺሆዬ ላይ ጠባብ እርምጃዎች ስላሉ እነሱ ቀድመው ይጎዳሉ።

የመጨረሻው ዘፈን ላይ ድምፁ ለምን ይሻክራል?

ትልቁ ሸክላ ጠርዝ ላይ በአንድ ሰከንድ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል መስመር ከመርፌዋ ሥር ያልፋል። መጨረሻው ላይ 21 ገደማ ብቻ። ያው ድምፅ ጠባብ ቦታ ላይ ተጨናንቆ ይጻፋል፤ «ሰ» እና «ሸ» ይሻክራሉ። ክንዱ በአንድ ጫፉ ስለሚዞር ደግሞ መርፌዋ ከመስመሩ ጋር በትክክል ቀጥ የምትለው ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ካርትሪጁ በሁለቱ ቡሎኖች ተስተካክሎ ካልታሰረ ጥፋቱ እጥፍ ይሆናል። ባንግ ኤንድ ኦሉፍሰን በ1972 ያወጣው ቤዮግራም 4000 ክንዱን ቀጥታ እያንሸራተተ ማዕዘኑን ቀረፈው፤ መጨናነቁን ግን እሱም አይፈታውም።

ጥሩ ማጫወቻ ገዛሁ፤ የድሮ ሸክላዬ ከበፊቱ ይበልጥ ተንጫጫ። ተሸወድኩ?

አልተሸወዱም። የድሮው ማጫወቻ ረቂቁን ድምፅ ስለማይደርስበት ጭረቱንም አብሮ ይደብቅልዎ ነበር። ብዙዎች «ሞቅ ያለ» የሚሉት ድምፅ ግማሹ ይህ ነው፤ ቀጭኑ ድምፅ የተቆረጠበት፣ ወፍራሙን ደግሞ ሳጥኑ ያሳበጠው። ቢወዱት ነውር የለውም። ሸክላው ላይ ያለው ግን እሱ አይደለም።

አዲሱን ከመመለስዎ በፊት ሁለት ነገር ይሞክሩ። ሸክላው ሞኖ (በሁለቱም ስፒከር አንድ ዓይነት ድምፅ የሚያወጣ) ከሆነ አምፕሊፋየሩ ላይ የሞኖ ማብሪያውን ይጫኑ፤ መርፌዋን ወደ ላይና ወደ ታች የሚያነጥረው ጫጫታ አብዛኛው እዚያው ይሰረዛል፣ ዘፈኑ ግን ይቀራል። ሁለተኛው መርፌ መለወጥ ነው። የቀድሞዋ መርፌ መስመሩን የበላችው በአንድ ከፍታ ላይ ነው፤ ቅርጿ የተለየ መርፌ ያልተበላውን ግድግዳ ልታገኝ ትችላለች። ከሁለቱም በፊት ግን ሸክላውን ይጠቡት፦ ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ፣ ጠብታ የሳህን ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ በመስመሩ አቅጣጫ፤ መሀል ያለው ወረቀት እንዳይርስ። ከዚያ ጥላ ላይ ያድርቁት። ኮምቦልቻ ከሆኑ መኪና ውስጥ ትተውት ገበያ አይውጡ፤ ሲመለሱ ሸክላው ተጣሞ ይጠብቅዎታል።